መንገዱ የሚታጠፍበት

ሁለተኛው አምባ፣ አሪዞና
ሜይ 9 ቀን 1994

ውድ አጎቴ ሌይላንድ፣

«ማየት ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ሲገጥምዎት ምን ብለው ይመልሱ ነበር? መቼም በሌላ ሰው ደጅ ቆሞ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ቱሳን ስማር በማላውቀው ሰው ሠርግና ቀብር ላይ አንገቴን እያሰገግኩ ጠይቄዋለሁ። አሁን ግን ጥያቄው ዞሮ እኔው ላይ መጣ።

እንዴት ሰነበቱ? ማሽኑስ እንዴት ይዞዎታል? ፊኒክስ ያለው የልጅዎ ቤት ማቀዝቀዣ እንደተበላሸ እማዬ ነገረችኝ። በስልክ ላገኝዎት ፈልጌ ነበር፤ ግን የመንደራችን ስልክ ሱቁ ውስጥ ነው፤ እኔ «ሄሎ» ሳልል አክስቴ ኢሞጂን መልሱን ለመንደሩ አዳርሳ ትጨርሰዋለች። መጻፍ ይሻላል።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። የመንደሩ ጽሕፈት ቤት የእንግዶች ተቀባይ አድርጎ ቀጥሮኛል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ዝናብ ቢኖር የሚያፈስ ጣሪያ ሰጥተውኛል። ተመርቄ ስመለስ «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» ያሉኝ ሁሉ አሁን በመስኮት እያዩኝ ያልፋሉ። ትናንት ደግሞ አንድ ሰውዬ፣ ፎቶ አይቻልም ስለው ካሜራውን መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ተመልሶ መጣ።

«ውሻውንስ?» አለኝ።

«የቱን ውሻ?»

«ያንን፣ በሩ ላይ የተኛውን።»

«ውሻውን ይጠይቁት» አልኩት። «እሱ እሺ ካለ በሩን ይጠይቁ። በሩም እሺ ካለ ከበሩ ኋላ የተቀመጡትን አሮጊት ይጠይቁ።»

ሳቀ። አሮጊቷ ግን ከውስጥ ሆነው «እኔ እምቢ ብያለሁ!» ብለው ጮኹ።

ሰው የሚያጠፋው ባለማወቅ ነው፤ ካወቀ ይጠነቀቃል። ስለዚህ ወረቀት አዘጋጀሁ። በአንዱ ገጽ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይልና ፎቶ፣ ሥዕል፣ ድምፅ መቅዳት እንደማይቻል፣ የወደቀ የሸክላ ስባሪ እንኳ እንደማይነሳ ይናገራል። በሌላው ገጽ አምባውን ከነመንገዶቹ ሥዬዋለሁ፤ ሰው መሄድ የሌለበት ቦታ ላይ ሁሉ ቀይ መስቀል አለ። ምን እንዳለ አልጻፍኩም፤ «እባክዎ እዚህ አይሂዱ» ብቻ ነው። ነዳጅ ማደያው ተቀብሎኛል፤ ዊንስሎው ያሉት ሞቴሎችም እንዲሁ። አንድ ቅጂ ልልክልዎት ነበር፤ ግን አልቆብኛል! አክስቴ ኢሞጂን አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሚሲዮኖቹ በስንት ዘመን ያልተከሉትን መስቀል አንቺ በአንድ ጠዋት ተከልሽው!» የአባቴ እህት ናትና ሳትለክፈኝ አትውልም።

በጁላይ ለዳንሱ ሲመጡ ሁሉንም ያያሉ። እስከዚያ ለጥያቄዬ መልስ ይላኩልኝ።

ኤልቪና

———

ፊኒክስ
ሜይ 19 ቀን 1994

ኤልቪና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ማሽኑ ደሜን አውጥቶ አጥቦ ይመልሳል፤ እናትሽ ልብስ እንደምታጥበው ነው፣ ልዩነቱ እናትሽ አጥባ ስትጨርስ ስድብ ትጨምርበታለች። ወንድምሽ ኮርዊን በቆሎውን ተከለ? እርጥቡን አሸዋ እስኪያገኝ ድረስ ጥልቅ አድርጎ ይቆፍር። ትዕግሥት የለውም፤ ቁሚበት።

ማየት ምን ይጎዳል ላልሽው ብዙ አሰብኩ። ባለፈው ሐኪሙ ተማሪዎች ሰብስቦ መጣና ሸሚዜን ገልጦ ሆዴን አሳያቸው። ትሑቶች ናቸው፤ አንዷም «አመሰግናለሁ» ብላኛለች። ምንም አልጎዱኝም። ከሄዱ በኋላ ግን ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ ተኛሁ። በዚያ ሙቀት! ይህ መልስ ከሆነሽ ውሰጂው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። መልሱን ስትጽፊ ቦታ በስም አትጥሪ። ከማሳችን በላይ፣ ውሃው ካለበት፣ እኔ የምጠብቀውን ማለቴ ነው፤ እዚያ ምልክት አድርገሻል? ወረቀቱን ከማባዛትሽ በፊት ለመንደሩ አባት አሳይተሻል? ውሃውስ እንዴት ነው?

አጎትሽ

———

ሁለተኛው አምባ
ጁን 10 ቀን 1994

ውድ አጎቴ፣

በጣም ዘገየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከደብዳቤዎ በኋላ የላኩት ካርድም ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ይመኑኛል?

በቆሎው ወጥቷል። ኮርዊን እንዳሉት ጥልቅ አድርጎ ነው የተከለው፤ ቆሜበት ነበር፤ «የዩኒቨርሲቲ ዘበኛ» እያለ ሲሰድበኝ ዋለ። ነፋሱ አንዳንዱን ቡቃያ ሊቀብረው ሲል ባዶ ጣሳ ደፍቶ ከለለለት። ቁራዎቹ ግን አስቸገሩ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ሰቀልን፣ ለመዱት። ቀጥለን የድሮ ካሴት ክር ዘረጋን፣ እሱንም ለመዱት። በመጨረሻ ኮርዊን የእርስዎን አሮጌ ጃኬት አልብሶ ማስፈራሪያ አቆመ። እማዬ ከሩቅ አይታ «ወንድሜ መጣ እንዴ?» አለች። ከዚያ እስከ ማታ ወደ ማሳው ስታይ ዋለች። ቁራዎቹ እርስዎን ፈርተው ወደ ጎረቤት ማሳ ሄደዋል፤ ጎረቤቶቹ ሰላምታ አይልኩልዎትም። የኮኩ አበባ በውርጭ ተመትቶ ነበር፤ የቀረው ግን እያፈራ ነው።

ስለ ወረቀቱ ጠይቀውኝ ነበር። ትቼዋለሁ። ማባዣው ቀለም ጨረሰ፤ ያን ያህልም አላስፈለገም። ውሃው አለ።

ስለ ጁላይ አንድ ነገር ልበልዎት? መንገዱ ዘንድሮ በጣም ተበላሽቷል፤ ሙቀቱም ከባድ ነው ይላሉ። ባይቸኩሉ ጥሩ ይመስለኛል። ሐኪሞቹ ስለ መንገዱ ምን እንዳሉዎትም አልነገሩኝም።

ኤልቪና

———

ፊኒክስ
ጁን 16 ቀን 1994

ኤልቪና፣

በዚያ መንገድ አስፋልት ሳይኖር በጋሪ ሄጃለሁ። መንገድ ተበላሸ ብሎ ከቤቱ የቀረ ዘመድ የለኝም።

ስለ ቁራ ገጽ ሙሉ ጻፍሽልኝ። ስለ ውሃው ሁለት ቃል። «ውሃው አለ»። መኖሩን አልጠየቅኩሽም።

ትንሽ ልጅ ሆነሽ የጎረቤት ሐብሐብ የበላሽ ቀን ስለ ደመና ነበር የምታወሪኝ፤ ፍሬው አገጭሽ ላይ ተጣብቆ። ጻፊ። ታመምኩ እንጂ ብርጭቆ አልሆንኩም።

አጎትሽ

———

ሁለተኛው አምባ
ጁን 21 ቀን 1994

አጎቴ፣

ሰላምታ ላስቀድም ብል እጄ እምቢ አለኝ።

አዎ፣ ምልክት አድርጌበታለሁ። ለመንደሩ አባት አላሳየሁም። ለምን እንዳላሳየሁ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ፤ «ተይው» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ወረቀቱንም ማባዣው ቀለም ስለጨረሰ አልተውኩትም። ዋሽቼዎታለሁ።

በሜይ መጨረሻ ወደ ማሳ ስወርድ አንድ ባልና ሚስት ከታች ሽቅብ ሲመጡ አገኘኋቸው። ወረቀቴ በሴትዮዋ እጅ ነበር።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው? ካርታሽ እንዴት ግልጽ ነው!» አለችኝ።

«ግን አይሂዱ ይላል እኮ» አልኳት።

«አዎ፣ ገብቶናል። ትልቅ ነገር ባይሆን ምልክት አታደርጉበትም ብለን ነው። ምንም አልነካንም። ዝም ብለን ቆመን ጸለይን።»

ባልየው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አጎቴ! ባለጌዎች ቢሆኑ እነሱን እየሰደብኩ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ከእነሱ ጨዋነት የተነሳ የምሰድበው ከራሴ በቀር ሰው አጣሁ።

ወረድኩ። ከእነሱ በፊትም ብዙ ሰው መጥቷል። ውሃው ውስጥ ሳንቲም ጥለዋል፤ ዳር ላይ ሻማ አብርተዋል፤ ባለቀለም የመስታወት ድንጋይ ደርድረዋል፤ አንዱ ምኞቱን ጽፎ ከድንጋይ ሥር አስገብቷል። ስጦታ መስሏቸው ነው። ከውሃው ዳር ትቀመጣለች ሲባል የምሰማት ያቺ ትንሿ ማሰሮ ግን የለችም። ማን እንደወሰዳት አላውቅም።

የባሰውን ያደረግኩት ከዚህ በኋላ ነው። እርስዎ በጁላይ ሲመጡ እንዳያዩት ብዬ ማጽዳት ጀመርኩ። እጄን አስገባሁ፤ የእኔ እጅ የማይገባበት ውስጥ። እየተጣደፍኩ፣ ሰው መጣ አልመጣ እያልኩ፣ ሁሉንም ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። ቤት ደርሼ ቅርጫቱን ስገለብጥ ከሻማውና ከሳንቲሙ ጋር ላባዎቹ ወጡ። ሰዎቻችን በብርዱ ወራት የጸለዩባቸው፣ ነፋስና ፀሐይ ራሳቸው እስኪጨርሷቸው እዚያው መቆየት የነበረባቸው። የእርስዎም ነበረበት። ክሩን እንዴት እንደሚቋጥሩት አውቃለሁ።

የሰው ጸሎት ከቆሻሻ ጋር ጠርጌ አወጣሁ፣ አጎቴ። እንግዶቹ ይህን አላደረጉም።

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ጓዳ ውስጥ፣ የበቆሎው ክምር አጠገብ አስቀምጫቸዋለሁ። ልመልሳቸው ፈራሁ። ሌላ ቦታ ላኖራቸውም ፈራሁ። እማዬ በየቀኑ በቆሎ ልታመጣ ስትገባ እኔ ደጅ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። የሚሉኝን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ብቻ የሆነ ነገር ይበሉኝ።

ኤልቪና

———

ፊኒክስ
ጁላይ 1 ቀን 1994

ኤልቪና፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ተቆጥቼ፣ አንዴ ደግሞ ማሽኑ ላይ ታስሬ፣ ተነስቼ መሄድ ሳልችል።

የእናትሽ ወንድም ነኝና መቆጣት የእኔ ሥራ ነው። ልጅ ብትሆኚ ኖሮ በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ እደፋብሽ ነበር። ዲግሪ ላላት ሴት ግን ውሃ በፖስታ አይላክም።

ከማሳ ስንመለስ ትልቁ ቋጥኝ ጋ መንገዱ ይታጠፋል። ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ «ለምን ይታጠፋል?» አልሽኝ። «ቋጥኙ ስላለ» አልኩሽ። ቋጥኙን እኮ በቀኝም ማለፍ ይቻላል። አያቴም እኔን እንደዚያው ነው ያሳለፈኝ። «አትሂድ» ብሎኝ አያውቅም። በሌላ በኩል ሄደ፣ ተከተልኩት፣ በቃ። «አትሂድ» ቢለኝ ኖሮ በነጋታው ሄጄ አየው ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንቺ ግን ማንም ሳይነግርሽ፣ እኔ የታጠፍኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ በልብሽ ይዘሽ፣ የምሸሽገው የቱ ጋ እንዳለ አገኘሽው። ይህ ብልህነት ነው፤ አልጠላብሽም። ያገኘሽውን ለአላፊ አግዳሚ ማደልሽ ነው የጎዳኝ።

የእኔም ጥፋት አለበት። ዝም ስል የገባሽ መስሎኝ ነበር። ለትንሽ ልጅ ዝምታዬ ይበቃ ይሆናል። አድገሽ፣ ተምረሽ፣ ሥራ ፍለጋ ስትንቆራጠጪ እያየሁ ግን ጠርቼ አስቀምጬ ማናገር ነበረብኝ። አላደረግኩትም። ዛሬ ነገ ስል ታመምኩ።

ሌላም አለ። እኔም ደብቄሻለሁ። ሐኪሞቹ የነገሩኝ በኤፕሪል ነው፤ ለዳንሱ አልመጣም። ከማሽኑ ርቄ ብዙ ቀን መሰንበት አልችልም። «በጁላይ ሲመጡ» እያልሽ ስትጽፊ ዝም አልኩ። ኮርዊንም ማሳውን «አጎቴ ያየዋል» እያለ ሲቆፍር ዝም አልኩ። ጃኬቴን የለበሰውን ማስፈራሪያ ስትጽፊልኝ ስቄ ነበር፤ በኋላ ግን ደብዳቤውን ከትራስ ሥር አስገባሁት። እንግዲህ አንቺ ስለ ቁራ ጻፍሽ፣ እኔ ስለ ልብስ አጠባ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። መጀመሪያ ለእናትሽ ንገሪ። ቀጥለሽ ጨርቁን ይዘሽ ለመንደሩ አባት፣ በአፍሽ፣ ራስሽ ሄደሽ። የሚሉሽን አትከራከሪ፤ መከራከር እንደምትችዪ ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀቶቹን ሰብስቢ። ኮርዊንን በአውቶቡስ ላኪልኝ፤ እዚያ የሚደረገውን ከዚህ በኋላ እሱ ያደርጋል፤ በጆሮው እነግረዋለሁ። አትጻፊለት፤ አብረሽም አትምጪ።

ማሰሮዋ የአያቴ እናት እጅ ሥራ ነበረች። ስለ እሷ ገና አልጽፍም።

አጎትሽ

———

ሁለተኛው አምባ
ኦገስት 14 ቀን 1994

ውድ አጎቴ ሌይላንድ፣

እንደምን ከረሙ? ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እግርዎ እብጠት ኮርዊን ሁሉንም ነግሮኛል። ሌላስ ምን አሉህ ስለው «ነገሩኝ» ብሎ ዝም አለ። ያ ለፍላፊ ልጅ! ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ። በማለዳ ተነስቶ ብቻውን ሲወርድ እሰማዋለሁ፤ ወደ መስኮቱ ግን አልሄድም።

ለእማዬ ስነግራት ሰማያዊውን የበቆሎ ዱቄት ትነፋ ነበር። አላቆመችም። ነፍታ ጨርሳ እጇን አራገፈችና «የወንድሜን ክር አይተሽ አወቅሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ አይጥ የፈራሽ መስሎኝ ነበር ደጅ የምትቆሚው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቆሎ የማመጣው እኔ ነኝ።

የመንደሩ አባት ጨርቁን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ አልፈቱትም። ጉልበታቸው ላይ አኑረው «እንግዳ ትጠያለሽ?» አሉኝ።

«አልጠላም።»

«እኔም አልጠላም» አሉ። «ዘንድሮ ግን ደክሞናል።»

በዚህም የጁላይ ዳንሱ ለውጭ ሰው ዝግ ሆነ። ማን መገንጠያው ላይ ቆሞ መኪና እንደሚመልስ ሲነጋገሩ፣ እሳቸው ወደ እኔ አገጫቸውን አቀኑ። አልተከራከርኩም፤ ይመስክሩልኝ። ካቺናዎቹ፣ ዝናብ የሚያመጡልን መናፍስት፣ በዳንሱ ሲሸኙ ያልነበርኩበት ዓመት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከበሮው ከላይ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከታች ሆኜ ሰማሁት።

አብዛኛው ሰው «ገባን» ብሎ ተመለሰ። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ግን ከሚስቱ ጋር ከሩቅ ነድቶ መጥቷል፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

«ማን ነው የዘጋው?» አለኝ።

«መንደሩ።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁ እንዴ? ይኸው!» አለና ወረቀቴን ከመኪናው ኪስ አውጥቶ አራገበው። ቀዩ መስቀል ፀሐይ ላይ ደመቀ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «እባክዎ ይመልሱልኝ።»

«ጻፍሽ፣ ጠራሽ፣ አሁን ደግሞ ትመልሺናለሽ? ምን ዓይነት ቀልድ ነው? እኛ ማየት ብቻ ነው የፈለግነው። ማየት ምን ይጎዳል?»

አጎቴ፣ ስለ ብርድ ልብስዎ ልነግረው አስቤ ነበር። ያ ግን የእርስዎ ነው፤ አልሰጠሁትም። አፌ ላይ የመጣው የራሴ ሆነ።

«እኔም ማሳየት ምን ይጎዳል ብዬ ነበር» አልኩት።

ሚስቱ ፊቴን አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ክርኑን ነካ አድርጋ «ስጣት» አለችው። ሰጠኝ። ከውርጩ ከተረፈው ኮክ በወረቀት ከረጢት ሰጠኋቸው፤ መኪናውን አዙረው ሄዱ።

ዊንስሎው ሄጄ ሞቴሎቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። ነዳጅ ማደያው ያለው ልጅ «እንዴ፣ ሰው እኮ ወዶት ነበር፤ ጨምሪልን» አለኝ። ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ እማዬ ያነደደችው እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ያልተመለሰው ግን አለ። ኦሃዮ ይኑር ጀርመን አላውቅም፤ የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ፣ ከሆቴል ደረሰኝና ከፖስት ካርድ ጋር፣ ቀዩ ምልክቴ ተቀምጧል። ሰውየው ደግ ሰው ይሆናል፤ ለልጁ ያሳየው ይሆናል። ማሰሮዋም አልተመለሰችም። ስለ እሷ እስኪጽፉልኝ እጠብቃለሁ፤ ባይጽፉልኝም መብትዎ ነው።

መንገዱ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ለእንግዳ ተከፍቷል። እኔን ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር፤ የመንደሩ አባት ግን «ያቺ ልጅ የት ልትሄድ ነው? በእግሯ ትሥራ» አሉ አሉ። አሁን ወረቀት የለም። የመጣው ሰው አረፍ ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ከፊት ከፊቱ እሄዳለሁ። አክስቴ ኢሞጂን «ዳክዬ መሰልሽ፣ ጫጩቶችሽን አስከትለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ይህ ግን ይሻለኛል። ስለ በቆሎው እነግራቸዋለሁ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጣሳዎቹ፤ ጃኬትዎን ለብሶ ስለቆመው ሰውዬም። የምናገረው ነገር ብዙ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ትናንት ከማሳው ስንመለስ ቋጥኙ ጋ ደረስንና አንዲት ሴትዮ «መንገዱ እዚህ ጋ ለምን ይታጠፋል?» አለችኝ።

«ቋጥኙ ስላለ» አልኳት።

ቋጥኙን አየችው። በቀኙ ያለውን ሰፊ ቦታ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሊያልፉ የሚፈልጉ ሰዎች ከኋላ ነበሩ። ሴትዮዋ ግን ሻርፗን አስተካክላ ተከተለችኝ፤ ሌሎቹም እሷን ተከተሉ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ዞሬ ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

በቆሎው እየደረሰ ነው። በሴፕቴምበር ጉድጓድ ቆፍረን እሸቱን እንጠብሳለን። ኮርዊን በሁለት እጥበት መካከል ባለችው ቀን በማለዳ መጥቶ ሊያመጣዎት፣ በማግሥቱ ሊመልስዎት ይችላል፤ ሐኪሞቹን ይጠይቋቸው። መንገዱ ደህና ነው። በፊትም ደህና ነበር።

ወደ ማሳው ስንወርድ ከኋላዎ መሄድ እፈልጋለሁ። ቋጥኙ ጋ ሲታጠፉ አብሬዎት እታጠፋለሁ፤ ለምን አልልም። ግን ከፊቴ ይሄዱልኛል? ወይስ አሁን ለእኔ የሚታጠፉት ከቤቱ ደጅ ጀምሮ ነው? ለዚህ ብቻ መልስ ይላኩልኝ፤ አንድ መስመር ትበቃኛለች። ከፈለጉ ስለ ቁራ ይጻፉልኝ፤ መልስዎን ከዚያው አውቀዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ኤልቪና